በጠመኔ የተሳለ በር

ክፍሉን ከማየቴ በፊት የሸተተኝ የረጠበ ሊሾ ነው። ፖሊሱ ከኋላዬ ሲቆልፍ፣ መዳፌ ላይ የቀረውን ሰማያዊ የጠመኔ ብናኝ ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። የታሰርኩት በእሱ ነው። ጳውሎስ አካባቢ፣ ቤቶች በፈረሱበት መንገድ ዳር፣ የፈረሱትን ቤቶች በሮች አስፋልት ላይ በጠመኔ እስል ነበር። ሕዝብ ለማነሳሳት ነው ተባልኩ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ።

«ሥዕሉ የት ሄደ?»

«ዘነበበት።»

አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። እኔን ለመያዝ ሲጣደፉ ፎቶ ማንሳቱን ረስተውታል፤ የጉለሌ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ከመሳቢያው አንድ ቁራጭ ጠመኔ አውጥቶ ወረወረልኝ፤ የራሴው ነበር።

«ክፍልህ ወለል ላይ ከእነዚያ በሮች አንዱን ደግመህ ሳለው። ነገ ጠዋት መጥቼ ፎቶ አነሳዋለሁ። እምቢ ካልክ እዚሁ ትከርማታለህ!»

ላልስል ቆርጬ ተመለስኩ።

ከጎኔ የሚተኙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቁስቋም በኩል አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ሊፈርስ ሲል፣ ከደጄ አልነሳም ብለው ነው የታሰሩት። ጠመኔውን አይተው ጠየቁኝ፤ የሆነውን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ የእኔን በር ትስልልኛለህ? ፎቶ እንኳ የለኝም። በር ፎቶ የሚያነሳ ማን አለ?»

እንዴት እምቢ ልበላቸው? እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ሳልኩ። ከታች ዝገት የበላው አረንጓዴ ቆርቆሮ፤ ሟች ባለቤታቸው በሽቦ ያሰሩት መቀርቀሪያ።

«ያለኝ ሰማያዊ ነው» አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ መጀመሪያ ሲተከል ሰማያዊ ነበር።»

ስጨርስ ካቦው፣ የክፍሉን ሥርዓት የሚያስከብረው እስረኛ፣ መጥቶ ከላዬ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ? በር ሳል ተባልክ፤ ይኸው በር ሳልክ። በገዛ እጅህ ማስረጃ ሰጠሃቸው፣ በቃ!»

እውነቱን ነው። አዝኜላቸው ስስል የራሴን ጉዳይ ረስቼዋለሁ። ላጠፋው ጨርቅ አንስቼ ዞር ስል፣ ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን የሳልኩት በር አጠገብ አንጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ጋደም ብለዋል። እጄ እምቢ አለኝ። ከከረምኩም ልክረም ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ጠዋት ወለሉ በተራ ይታጠባል፤ ሽማግሌ ግን ባልዲ አይነካም። የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ባልዲው እሳቸው እጅ ላይ ነው።

«አባባ፣ ይተዉት፣ ተራው የእኔ ነው።»

«በሩስ የማን ነው?» አሉኝ።

በዝግታ ተንበረከኩ። በጣታቸው ወለሉን ሁለቴ አንኳኩ።

«ቤቶች!» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ውሃውን አፈሰሱና በመጥረጊያ ጥርግ አደረጉት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

መርማሪው ሲመጣ ያገኘው እርጥብ ሊሾ ነው።

ከሳምንት በኋላ ማስረጃ የለም ተብዬ ተፈታሁ። እሳቸውን ቀደም ብለው ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋቸው ነበር፤ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁንም እስላለሁ። ሰው ሁሉ «ሸራ ላይ አትስለውም? ነገ ለሚጠፋ ነገር ምን ያደክምሃል?» ይለኛል። ድሮ ረጅም መልስ ነበረኝ። አሁን ክረምት በገባ ቁጥር ቁስቋም መውጫው ላይ አንድ ሰማያዊ በር እስላለሁ። ስጨርስ ጎንበስ ብዬ አንኳኳና «ቤቶች!» እላለሁ። ትንሽ ጠብቄ፣ ዝናቡ ሳይደርስ እሄዳለሁ።