ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ልጽፈው ብዬ ስንት ጊዜ ብዕር አንስቼ ትቼዋለሁ። ዛሬም የምጽፈው እየፈራሁ ነው።

ፍኖተ ሰላም የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ግምገማ የሚባለው ነገር ሰውን ከእንጀራው የሚያፈናቅልበት ዘመን ነበር። ለቤተ ሙከራችን ከበላይ መሥሪያ ቤት የመስታወት የዓሣ ገንዳ ተሰጠን፤ ኃላፊው እኔ ሆንኩ። ከላህ ወንዝ ጣት ጣት የሚያክሉ ቀረሶና ቢልጫ የሚባሉ ዓሣዎች አስመጣሁ። ክንፋቸውን እያየሁ፣ ከመጽሐፍ እያመሳከርኩ፣ የየዝርያቸውን ስም በካርቶን ጽፌ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። እንዴት ያለ ኩራት ነበር የያዘኝ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ከገንዳው አጠገብ አልጠፋም ነበር።

ሁዳዴ እንደገባ አንድ ጠቆር ያለ፣ ከሁሉም የሚበልጥ ዓሣ ተጨመረ። ጢም አለው። ቢልጫም ጢም አለው፤ እኔም ቢልጫ ብዬ መደብኩት። ጢሙ ከቢልጫ ጢም ይብዛ አይብዛ አልቆጠርኩም፣ ገላውን በእጄ አልዳሰስኩም።

ቤተ ሙከራውን የምታጸዳው እትዬ የዝና ባሏ የሞተባት፣ ቆራቢ ሴት ነበረች። መጥረጊያዋን እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየችው።

«መምህር፣ ይኼ እኮ ቅርፊት የለውም። ቄሶቹ ቅርፊት የሌለውን አትንኩ ይላሉ። ኸነዚያ ጋራ ባይቀላቅሉት ይሻላል» አለችኝ።

ሳቅሁባት። «ሳይንስ እንደ ቄስ አይመድብም፣ እትዬ» አልኳት።

ልክ የነበረው ማን ነው? እሷ ናት። ቅርፊት የሌለው አምባዛ ነው፤ አምባዛ ደግሞ ሌላውን ዓሣ ይበላል። አንዴ በጣቴ ብነካው ኖሮ አውቀው ነበር።

ዓሣዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። የመጨረሻው ቀረሶ በጠፋ ዕለት ጠዋት በሩን ስከፍት ጅራቱ ከአምባዛው አፍ ተንጠልጥሎ አየሁ። በዚያው ሳምንት ግምገማ ነበረብን። መምህሩ ዓሣ መለየት አያውቅም፣ የመንግሥት ንብረት አስበላ ሲሉኝ ታየኝ። አምባዛውን በባልዲ ወስጄ ላህ ወንዝ ለቀቅሁት። ካርቶኑንም ቀድጄ ጣልኩ።

በግምገማው ላይ ዓሣዎቹ የት ገቡ ተባልኩ። «ቁልፍ ያለው እኔና እትዬ የዝና ጋ ነው» አልኩ። ሌላ አልተናገርኩም። ሌላ ምን ያስፈልጋል? አንዱ መምህር «ሁዳዴ ቢጠናባት ጠብሳ በልታቸው ይሆናላ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከሥራ አስወጧት። ቀልዱም ከአዳራሹ ወጥቶ ገበያ ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስ ቀልድነቱ ቀረ። ቆራቢ ሆና በሁዳዴ ዓሣ በልታ ገደፈች ተባለ። የንስሐ አባቷ ከቁርባን አገዷት።

ቤቴ ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«መምህር፣ ለአባ አንዲት ቃል ይንገሩልኝ። ሥራው ይቅርብኝ፤ የጨነቀኝ ቁርባኔ ነው። ዓሦቹን ምን እንደበላቸው እርስዎ ሳያዩ አይቀሩም።»

ታውቅ ነበር ማለት ነው? ከጠረጴዛው ላይ የተማሪ ደብተር አንስቼ ማረም ጀመርኩ።

«ምንም አላየሁም» አልኳት።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በላሁ ብላ ብትናዘዝ ኖሮ ቀኖናዋን ተቀብላ ትመለስ ነበር። ያልበላሁትን በላሁ አልልም አለች። ይኸው እስከ ዛሬ አልቆረበችም። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ግምገማው ቀርቷል፤ የሚጠይቀኝ የለም። ታዲያ ምኑን ነው የምፈራው? እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማ ስታስቀድስ አያታለሁ፤ ዓይኗ እንዳያገኘኝ በሌላው በር እወጣለሁ። እሷ ያልሠራችውን አልናዘዝም ብላ ከደጅ ቀረች፤ እኔ የሠራሁትን ሳልናዘዝ ውስጥ ገብቼ እቆማለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁ? ለእናንተ መንገር ቀላል ነው፤ አታውቁኝም፣ ስሜንም አልጻፍኩላችሁም። የእሷ የንስሐ አባት ግን በሕይወት አሉ፤ ቤታቸውም ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ትናንት እስከ በራቸው ሄጄ ተመለስኩ።