ባልጨመርኩት እንቁላል የሰገድኩት ስግደት

ከቡራዩ የወጣሁ ዕለት ከሁሉም አብዝታ ያለቀሰችው ጽጌ ነበረች። የወንድሜ የሀብታሙ ሚስት ናት። ሻንጣዬ ታክሲው ላይ ተጭኖ፣ ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ፣ እሷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" እያለች ስትንሰቀሰቅ ጎረቤቱ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ቆማ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። እኔ ሞኟ "ጾሟን ያስገደፈቻት ልጇ ይቅር ሳትባል እየሄደችባት ነው፣ ለዚያ ነው ቀና ብላ ያላየችኝ" ብዬ አሰብኩ። ይህን የምጽፈው ያን እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ለነበራችሁ ሁሉ ነው፤ እንደኔ ያልሠራችሁትን ተሸክማችሁ ከአገር ለወጣችሁም ጭምር።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ስኳር ነው። ስኳር እንዳለባት ሲነገራት ያዘነችው ለራሷ ሳይሆን ለሻይዋ ነበር። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ኬክ ቤት እሠራለሁ፤ ለሰው ልደትና ሠርግ ክሬም ስቀባ እውላለሁ፣ ቤት ስገባ እማዬ መራራ ሻይዋን እያየች ትቆዝማለች። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ቅቤው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ሁሉ ቀረ። "እስቲ ላንቺ የሚሆን ኬክ ልሥራ" ብዬ ተነሳሁ።

አራት ጊዜ አበላሸሁ፤ አንዱን ውሻውም እምቢ ብሎታል። በአምስተኛው ተሳካልኝ። በቅቤ ፋንታ የበሰለ አቮካዶ፣ በስኳር ፋንታ ዘፍዝፌ የፈጨሁት ተምር፣ በወተት ፋንታ ቀቅዬ ወቅጬ ያጠለልኩት ሱፍ፣ በእንቁላል ፋንታ ደግሞ ተልባ። የተፈጨ ተልባ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ዝልግልግ ይላል፣ ሊጡን የሚይዘው እሱ ነው። ዱቄቱ ግማሹ ጤፍ ነው። ካካዎው ጠቆር ስለሚል የአቮካዶውን አረንጓዴ ይውጠዋል። መጨረሻ ላይ ቤኪንግ ሶዳው ላይ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ሊጡ አረፋ ይዞ ይነሳል። እማዬ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነችና "ይሄማ ሳያስገድፍ አይቀርም!" አለች። ሐኪሟ "ተምርም ስኳር ነው፣ ትንሽ ቁራሽ ብቻ" ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ለሰፈሩ "ሐኪሙ ፈቅዶልኛል" ብላ አወራች።

በዚህ ወሬ ሥራ ተጀመረ። ጽጌን "ነይ አብረን እንሥራ" ያልኳት እኔው ነኝ። የጎረቤታችንን የኦቦ ገመቹን የጓሮ ክፍል ተከራየን። ኦቦ ገመቹ ሁዳዴ የሚባል ነገር ባይመለከታቸውም በየማለዳው በሩ ላይ ቆመው "አካም ቡልተን! ኬኪን ጅራ?" ሳይሉ አይሄዱም፤ "አለ አባባ፣ ይግቡ" እንላቸዋለን። እኔ ሊጡን አዋህዳለሁ፣ ጽጌ ላዩን ታሳምርና ታደርሳለች። ሰበታም ሱሉልታም ደንበኛ አገኘን። ከቅዳሴ የሚመለሱ፣ ከተማ ውለው በሚኒባስ ተጨናንቀው የሚገቡ የቢሮ ሠራተኞች፣ በጾም ልደት የሚያከብሩ ቤተሰቦች፣ ሁሉም "የቡራዩዋ የጾም ቸኮሌት" ይሉን ጀመር። እኔ ከዚያ በፊት ጀርመን ሄጄ የዳቦና ኬክ ሙያ የምማርበት ዕድል እየሞከርኩ ነበር፤ ሥራው ሲደራ መሄዱን ልተወው አስቤ፣ ቋንቋውን ግን ከጀመርኩት ልጨርሰው ብዬ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት እማር ነበር። በነዚያ ቀናት የምታዋህደው ጽጌ ናት።

የተልባ ሊጥ ደግሞ መጠበቅ አይወድም። መብራት ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ይተኛል፣ መሃሉ ይሰምጣል፣ ጽጌም አብራ ትቃጠላለች። አንድ ሰሞን ግን እኔ በሌለሁባቸው ቀናት ኬኩ ከፍ ብሎ፣ ልስልስ ብሎ ይወጣ ጀመር። "እጅሽን ይባርከው፣ በለጥሽኝ እኮ!" አልኳት። ሳቀች። ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የኛ በዓመቱ በመጋቢት ተሰማ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከሰበታ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ግቢያችን መጣች። ልጅቷ እንቁላል ስትበላ ፊቷ ያብጣል፤ እናቷ ከኛ የምትገዛው ጾም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን እንቁላል የለውም ተብላ ነው። የልጅቷ ዓይን ገና አልተገለጠም ነበር።

"ክሊኒክ አድሬ ነው የመጣሁት" አለች ሴትዮዋ። "እንቁላል ጨምራችኋል። ማናችሁ ናችሁ?"

ግቢው በሰው ሞላ። እማዬ ወጣች፣ ሀብታሙ ወጣ። እኔ ደርቄ ቆሜ ጽጌን አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም።

"ሊጡን የምታዋህደው እሷ ናት" አለች በጣቷ እየጠቆመችኝ። "እኔ ላዩን ነው የማሳምረው።"

"ጽጌ! ትናንት ያዋሃድሽው አንቺ አይደለሽ? እኔ ትምህርት ቤት አልነበርኩም?"

"ኧረ በስመ አብ! በኔ ልትላከኪ ነው? ያውም በዚህ ሆዴ?" ብላ የስድስት ወር ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች።

ሀብታሙ "ተዪያት፣ ነፍሰ ጡር ናት" አለኝ። በቃ፣ ወንድሜ የተናገረው ይህንኑ ነው። እማዬ አንዴ እኔን አንዴ ጽጌን አይታ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሜ ቀርቶ "አስገዳፊዋ" ሆንኩ። ሁዳዴን ሙሉ ቅጠል በልተው፣ ከኛ በገዙት ቁራሽ የገደፉ ሰዎች ደጃችንን አይተው ያማትቡ ነበር።

በሳምንቱ የነፍስ አባታችን መጡ። ለበሉት ሁሉ ቀላል ቀኖና ሰጡ፣ ሳያውቁ ነውና። ለኔ ግን አርባ ቀን፣ በቀን አርባ አንድ ስግደት። "አባቴ፣ እኔ አላደረግሁትም" ብዬ አፌን ስከፍት እማዬ እጄን ያዘችኝ።

"ተቀበይና ይለፍ" አለች። "ለኔ ስትይ።"

ለእሷ ስል ተቀበልኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ስሰግድ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰፈሩ የፈለገውን ይበል፣ እናቴ ብቻ እኔ አለመሆኔን ትወቅ። ቀኖናዬን ስጨርስ የጀርመኑ ወረቀት መጣ፤ መሄዱን ልተወው ያልኩት ሴት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻንጣ አሰርኩ።

ጀርመን የምኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፣ ሰበታ ትበልጣታለች። እዚህ ሁሉም ነገር በተርሚን ነው። ተርሚን ማለት ቀጠሮ ነው፤ ግን እንደኛ "ስምንት ሰዓት" ተብሎ ዘጠኝ የሚመጡበት አይደለም። የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ አሥር ደቂቃ ቀድሜ ብደርስ "ሰዓትሽ አልደረሰም" ብለው ብርድ ላይ አቆሙኝ። ስገባ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ፎርሜን እያገላበጠ ጠየቀኝ።

"ምን ልትማሪ መጣሽ?"

"ኬክ።"

"አገርሽ ኬክ የለም?"

"አለ።"

"ታዲያ?"

"ሰው እንቁላል እየጨመረበት ተቸገርኩ።"

ሰውየው መጻፉን አቁሞ ቀና አለ። "አለርጂ አለብሽ?"

የለብኝም፣ ስም ነው ያለብኝ ልለው ፈለግሁ፤ ጀርመንኛዬ እዚያ አያደርስም። "ናይን" አልኩት። እሱም "አለርጂ የለባትም" ብሎ በጥንቃቄ መዘገበ።

አከራዬ ደግሞ አንዲት አሮጊት ናቸው። በታኅሣሥ በሬን አንኳኩተው "ዛሬ መስኮት አልከፈትሽም" አሉኝ።

"ውጭ በረዶ እየጣለ ነው እኮ እመቤቴ።"

"አውቃለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ትከፍቻለሽ፣ አለዚያ ግድግዳው ይሻግታል። ውሉ ላይ ፈርመሻል።"

"በኛ አገር ብርድ ሲመጣ መስኮት ይዘጋል።"

"በእናንተ አገር የሆነውን ግድግዳዬ አያውቅም" ብለው ራሳቸው ገብተው ወለል አድርገው ከፈቱት። በቡራዩ፣ በገፈርሳ ጭጋግ ያደግሁት እኔ፣ ብርድ አውቃለሁ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ከሳቸው ጋር ግድግዳውን ስጠብቅ ቆየሁ።

ሥራ ቦታዬ ደግሞ አንድ ክፍል ሙሉ ለቪጋን ኬክ ነው። ቪጋን የሚሏቸው ሰዎች የኛን ጾም ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ናቸው፣ ግን ለማን እንደሚጾሙ አላወቁትም። አብራኝ የምትማር ልጅ "አንቺም ቪጋን ነሽ?" ስትለኝ "ረቡዕና አርብ፣ ሁዳዴንም" አልኳት። "ሌላውን ቀንስ?" አለችኝ። "ሌላውን ቀንማ ክትፎ ነው" አልኳት፤ ክትፎን ለማስረዳት የምሳ ሰዓቷ አለቀ። ተልባውን እዚህም ይጠቀሙበታል፤ አቮካዶው ግን የኛን አያክልም፣ ድንጋይ ሆኖ ይመጣል፣ ሳይበስል ይበሰብሳል።

ይቺው ልጅ አንድ ቀን ተሳስታ የቅቤ ብሩሽ የቪጋኑ ኬክ ላይ አሳረፈች። ማይስተሩ፣ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ ሽታውን አወቀው። "ማን ነው?" አለ። ልጅቷ እጇን አወጣችና "እኔ ነኝ" አለች። ማይስተሩ ኬኩን በሙሉ ቆሻሻ ውስጥ ደፋው፣ ተቆጣት፣ እንደገና እንድትሠራ አዘዛት። ምሳ ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ዱቄት መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ። እግዜር የለም ብላ የምትከራከረኝ ልጅ "እኔ ነኝ" ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። የኔዋ፣ ማተብ ያሰረችው፣ ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ የበላችው፣ ለምን አቃታት?

ባለፈው አርብ፣ በእረፍት ሰዓቴ፣ እማዬ ደወለች። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሀብታሙ ልጅ ጥርስ አወራችኝና ድምፅዋን ለስለስ አደረገች።

"ጽጌ ሱሉልታ ኬክ ቤት ከፍታለች። ያንን የጾሙን እየጠየቁ አስቸገሯት። ያለ እንቁላል እምቢ አላት፣ መሃሉ ይሰምጣል። እስቲ አሠራሩን ንገሪኝ።"

"እኔ ምኑን አውቄ እማዬ? እንቁላል የምጨምረው እኔ አልነበርኩም እንዴ?"

 

"አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ" አለች። "ያኔውኑ፣ ሰዉ ከግቢ ሳይወጣ፣ እግሬ ላይ ወድቃ ነግራኛለች።"

ቆሜ ነበር፤ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

"ቄሱ ከመምጣታቸው በፊት?"

"ከመምጣታቸው በፊት።"

"አውቀሽ ነው 'ለኔ ስትይ' ያልሽኝ?"

"ምን ላድርግ ልጄ? ሀብታሙ ቢሰማ ይፈታት ነበር። የልጅ ልጄ በሆዷ ነው። ላንቺ የጀርመኑ አለልሽ፣ ትሄጃለሽ፣ ይረሳል አልኩ።"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳውላው እኔ መሆኔን አላወቅሁም እንጂ። ሰፈሩ፣ ጽጌ፣ ወንድሜ ሲከዱኝ "እማዬ ብታውቅ ኖሮ" እያልኩ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት። እሷ ግን ያኔም ታውቅ ነበር።

"ስግደቱስ እማዬ? አርባውን ቀን ጉልበቴን እያየሽ?"

"እኔም ሰግጃለሁ" አለች። "ንጋት ላይ፣ በጓዳ። አርባ አንድ፣ አርባ አንድ። አንቺ አላየሽኝም።"

ልጮህባት ነበር። ለዘመድ ሁሉ ደውዪና እውነቱን ተናገሪ አልኳት፤ "ተይው አሁን፣ የበረደ ነገር አትቀስቅሺ" አለችኝ። ቀጥላም "ከዚያ ወዲህ ኬክ አፌ አላስገባሁም። የማንንም እጅ አላምንም። ያንቺን አሠራር ቢሠሩልኝ ግን…" ብላ ተወችው። እንዴት እንደምታዝንልኝና እንዴት እንደምትጎመጅ አውቀዋለሁ፣ ሁለቱም እውነት ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ስልኩን ልዘጋው እጄን አነሳሁ። አልዘጋሁትም።

"መጀመሪያ ተልባው" አልኳት። "ይፈጫል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ የፈላ አይደለም፣ ለብ ያለ። እስኪዝለገለግ ይቆያል…"

"ቀስ በይ" አለች እናቴ። "ጽጌ እየጻፈች ነው።"

እኔም ቀስ አልኩላት።