ሳይሳል የቀረው ጥግ

የአባቴን ልጅ ስሟን አልጠራም፤ የሞተ ሰው ስም መጥራት በእኛ በበረሃው ነባር ሕዝብ ዘንድ ነውር ነው። አሸዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ውሾቿን እየተሳደበች፣ ነጠብጣብ ስትስል ነው ያረጀችው። የመጨረሻውን ሸራዋን ጥቁር ቀብታ በነጠብጣብ ስትሞላው፣ አንዱን ጥግ ለእኔ ተወችው። እዚያ የሚሳለው የውኃ ጉድጓድ የእናቴ ወገን ታሪክ ስለሆነ፣ ከሌላ እናት የተወለደችው እሷ በወጋችን አትነካውም።

“ነይና ጥግሽን ጨርሺ፣ አንቺ አኩራፊ!” ብላ ሦስቴ ላከችብኝ። የካንጋሮ ጭራ ስታከፋፍል እኔን ዘልላኝ ነበርና፣ “ጭራውን የበላ ይሳልላት!” ብዬ ቀረሁ። በወሩ ሞተች።

ትናንት ማታ ከተማ ያለው ጋለሪ ሥዕሏን በሕንፃው የውጭ ግድግዳ ላይ በመብራት አጉልቶ አሳየው። ሕንፃው ሁሉ ሲያበራ ጥጉ ብቻ ጨለማ ነው። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ “እማማ፣ ያ ጥቁሩ እንዴት ያምራል! ምንድን ነው?” አለችኝ።

“የእኔ ኩርፊያ ነው” አልኳት።