ባዶው ቃሬዛ

ሦስተኛዋ ልጄ ልትወለድ ስትል በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ ባጃጅም ሚኒባስም ጠፋ። እንደ አገራችን ደንብ የጎረቤት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመውኝ ወደ አዲስ ቅዳም ጤና ጣቢያ ወረድን።

ከምጡ በፊት የጠናው የተሸካሚዎቼ ክርክር ነበር። ከፊት የያዙት ጋሽ ታከለ፣ "ወገናችን እያለቀ ነው፤ ገና አምስት ትወልዳለች" አሉ።

ከኋላ ያለው የባሌ ወንድም አያሌው፣ "በዚህ ጊዜ መውለድ ለጥይት መቀለብ ነው። ከዚህ ልጅ በኋላ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋ" አለ።

"መርፌውማ እኛን ለመቀነስ የመጣ ነው" ብለው ጋሽ ታከለ ተቆጡ። እጅ እያወራጩ ለመከራከር እንዲመቻቸው ቃሬዛውን ከዛፍ ጥላ ሥር አሳረፉት።

"የምወልደው እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ" አልኩ። ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ፣ ተከትላን የመጣችውን አክስቴን ተደግፌ በእግሬ ነጎድኩ። ምጡ ሲይዘኝ ዛፍ እያቀፍኩ፣ ሲለቀኝ እየተራመድኩ ጤና ጣቢያው ደረስኩና ወለድኩ።

ጋሽ ታከለ ዘግይተው፣ ባዶውን ቃሬዛ አሸክመው፣ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። አዋላጇን፣ "አንዲት ነፍሰ ጡር ጠፍታብን ጫካ ለጫካ ስንፈልግ ነው የዋልነው፤ አላየሽም?" አሏት።

ከመጋረጃው ጀርባ ልጄን እያጠባሁ ነበር።

"ነፍሰ ጡር እዚህ የለችም በያቸው" አልኳት።