የቦርከና ዓሣ ለምን ተወደደ

ወንድሜ ከሳውዲ ተባሮ ወደ ከሚሴ የተመለሰው ብዙ የአገራችን ልጅ በተመለሰበት ዓመት ነው። አንድ ፌስታል ይዞ ከሚኒባስ ሲወርድ እኔ ጁስ ቤቴ በር ላይ ፓፓዬ እየላጥኩ ነበር። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ትከሻው ወርዷል። እናታችን የሞተችው እሱ እዚያ እያለ ስለሆነ ቤት ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አቀፈኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት የነበረው ሁኔታ ይኸው ነው፤ ይቀመጣል፣ አስፋልቱን ያያል፣ ሲጠሩት ብቻ ይመልሳል።

ሲሄድ ብቻውን አልነበረም። ከጓሯችን በኩል የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ አንድ ወንድ ልጃቸው የወንድሜ አብሮ አደግ ነው። ሁለቱ ተማክረው በባቲ ወርደው፣ የአፋርን በረሃ በእግር አቋርጠው፣ ከዚያ በጀልባ ሊሻገሩ ወጡ። የተሻገረው ወንድሜ ብቻ ነው። ለእናትየው ልጃቸው መንገድ ላይ ማረፉ በሰው በሰው፣ በስልክ ተነገራቸው። ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰደቃ አወጡ። የት እንደሞተ፣ በምን እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ከመጣ በኋላ እሳቸውን ሊጠይቅ አልሄደም። እኔ መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። ቆይቼ ሳየው ግን ወደ መስጂድ ሲሄድ በእሳቸው በር የሚያልፈውን አጭሩን መንገድ ትቶ በገበያው በኩል ይዞራል። አንድ ጊዜ እንዲሄድ ልነግረው ብጀምር ፊቱ ጠቆረብኝና ተውኩት። እሳቸውም አልመጡም። ደህና መግባቱን ሲሰሙ አልሐምዱሊላህ ማለታቸውን ጎረቤት ነገረኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ስለ ዓሣ ያነሳው አንድ ቀን ሳላስበው ነው። ጂዳ ሲሠራበት በነበረው ቤት ግድግዳውን የሚያክል የመስታወት ገንዳ ነበር፤ ውስጡ ዓሣ የሞላው። ገንዳውን የሚያጥበው፣ ዓሣዎቹን የሚቀልበው እሱ ነበር። የቤቱ ሰዎች ሲቆጡት እንኳ እዚያ ፊት ሲቆም ልቡ እንደሚረጋ ነገረኝ። ከመጣ ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲያወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔም ነገሩን አልጣልኩትም። ኮምቦልቻ ያለ መስኮት ሠሪ ጋ ሄጄ በጁስ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ልክ የመስታወት ገንዳ አሠራሁለት። ሲያየው ፈገግ አለ።

ዓሣ ልንገዛ አዲስ አበባ አብረን ሄድን። የዓሣ መሸጫው ጠባብ ቤት ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የተደረደረበት። ባለቤቱ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ቀዮቹ ዓሣዎች፣ ሰው ሁሉ ወርቅ ዓሣ የሚላቸው፣ ዋጋቸው ከሁለት ብርጭቆ ጁስ አይበልጥም። ወንድሜ እነሱን አይቶ አለፈና ጥግ ላይ ካለች ትንሽ ገንዳ ፊት ቆመ። ውስጧ ጥቂት ዓሣዎች አሉ፤ ጣት የሚያህሉ፣ ብርማ፣ ጎናቸው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ክንፋቸው ቀላ ያለ። ዋጋውን ጠየቀ። ሽማግሌው የነገሩት ሰንበቴ ገበያ ጠቦት የሚገዛ ገንዘብ ነው፤ ለአንዷ።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረና በኦሮምኛ ይቺ የእኛው የቦርከና ቁርጡሚ ናት አለኝ። እኔም አወቅኳት። ልጅ ሆነን ወንዙ ዳር በነጠላ እየጨለፍን የምንለቃት ዓሣ ናት።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ የእኛ ወንዝ ዓሣ ናት። ሕፃን በነጠላ የሚይዛትን እንዴት በዚህ ዋጋ ይሸጣሉ?" አላቸው። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌው አልተቀየሙም። መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ታዲያ በነጠላ ይዘህ አምጣልኛ፣ ልጄ። ደስ ብሎኝ ከአንተ እገዛለሁ" አሉት።

ቀዮቹን ገዝተን ተመለስን። ወንድሜ መንገዱን ሙሉ እየተናደደ ነበር፤ የእኛን ለእኛው በወርቅ ዋጋ ይሸጡልናል እያለ። እኔ ግን በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። የተናደደ ሰው ቢያንስ ነገ የሚሠራው ነገር አለው።

በማግስቱ አሮጌ አጎበር ይዞ ወደ ቦርከና ወረደ። መያዙ እንዳለውም ቀላል ሆነ። ግማሽ ጀሪካን ሞልቶ በባጃጅ ሲመለስ ግን ፀሐዩ ውሃውን አሙቆት ኖሮ፣ ክዳኑን ስንከፍት አብዛኞቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠዋል። የቀሩትን ገንዳው ውስጥ ከቀዮቹ ጋር ቀላቀላቸው። ሲነጋ ቀዮቹ እንደ ወትሯቸው ይንሸራሸራሉ፤ የወንዙ ዓሣዎች አንድም አልተረፉም። የገደላቸው የቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት መሆኑን ቆይተን ነው ያወቅነው። ቀዮቹ መጀመሪያ ሲገቡ የተረፉት ገንዳውን ቀድመን ሞልተነው ውሃው ለቀናት ስላደረ ነው፤ ያን ቀን ግን እሱ ያላደረ የቧንቧ ውሃ ጨምሮበት ነበር። ቀዮቹ ቻሉት፤ የወንዙ ዓሣዎች አልቻሉም።

ደግሞ ሄደ። በበርሜል ውሃ ማሳደር ጀመረ፤ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለ፤ ጎህ ሲቀድ ወርዶ ፀሐይ ሳይበረታ ይመለሳል። በሕይወት ደረሱ። ያን ጊዜ ደግሞ መብላት እምቢ አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣውን የዓሣ ምግብ ቀዮቹ ሲሻሙበት እነሱ ጥግ ይዘው ዝም ይላሉ፤ ከስተው ከስተው ይሞታሉ። አንዳንዶቹ በሌሊት ዘለው ወጥተው ወለል ላይ ደርቀው ይገኛሉ። ጁስ ሊጠጡ የሚመጡ ሹፌሮች ይሳለቁበት ጀመር፤ የዓሣ ሐኪም ብለው ስም አወጡለት። እሱ ግን የሞቱትን ሰብስቦ ጓሮ ከፓፓዬው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብራቸዋል። ቆሻሻ ላይ ሲጥላቸው አይቼ አላውቅም።

ክረምት ገባና ቦርከና ደፈረሰ፤ ሞልቶ ጨፋውን፣ ረግረጋማውን ሜዳ፣ አጥለቀለቀው፤ ማንም የሚጠጋው አልነበረም። በጋው ሲመለስ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ የሚበሉትን አገኘ፤ ከወንዙ ድንጋይ ሥር የሚለቀሙ ትንንሽ ትሎች። ትሎቹን እየቀነሰ፣ ከገዛነው ምግብ ጥቂት እየቀላቀለ፣ ወራት ፈጅቶ አለመዳቸው። ከዚያ ሁሉ ሲይዝ ከከረመው ዓሣ በሕይወት የቀሩት ለአንድ ባልዲ የማይበቁ ነበሩ። ግን አማሩ። ብርማው ጎናቸው በመብራት ሲያብለጨልጭ ሹፌሮቹ ሳይቀሩ መሳለቁን ትተው ማየት ጀመሩ።

ያኔ ነው አዲስ አበባ ልወስዳቸው ነው ያለኝ። እኔም የጁስ ማሽኔን ማስጠገን ነበረብኝና አብሬው ተሳፈርኩ። ባልዲውን ክዳኑን በስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እስከ ደብረ ሲና ደህና ነበሩ። ጣርማበርን ስንወጣ ግን ጉም አውቶቡሱን ዋጠው፤ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ወንድሜ ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ዓሣዎቹ በጎናቸው ተንጋደዋል። የቆላ ውሃ የለመዱ ናቸው። ጃኬቱን አውልቆ ባልዲውን ጠቀለለው። እኔም ጋቢዬን ሰጠሁት። አጠገባችን የተቀመጡ ሰው ሕፃን የያዘ መስሏቸው ቦታ ለቀቁለት።

ሱቁ ስንደርስ ሁለት ዓሣ ቀርተው ነበር። ሽማግሌው ባልዲውን ከእጁ ተቀበሉ። አስታወሱን። እንዳልኩህ ሆነ አላሉትም። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ሙቀቱን ለኩ፤ ሁለቱን በቀስታ ጨልፈው ለብቻቸው ገንዳ ውስጥ አኖሯቸው፤ ከዚያ ለወንድሜ የሳጥን መቀመጫ አቀረቡለትና አስረዱት። ቀዮቹ አያት ቅድመ አያታቸው በገንዳ የተወለዱ ናቸው፤ ወንዝ አያውቁም፤ የሰጧቸውን ይበላሉ፤ ባስቀመጧቸው ይራባሉ። ስለዚህ ከባሕር ማዶ እንኳ መጥተው ይረክሳሉ። የአገሩ ዓሣ ግን ከወንዝ እንጂ ከገንዳ አይመጣም፤ መስታወት ውስጥ አይወልድላቸውም፤ ባለቀ ቁጥር ሰው ወንዝ መውረድ አለበት።

"ሰው ዋጋውን ሲሰማ ለአንዲቷ ዓሣ የጠየቅኩት ይመስለዋል" አሉ። "መንገድ ላይ የቀሩት ሁሉ አሉበት። የደረሰችው የእነሱንም ተሸክማ ነው የምትቀመጠው።"

ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ። ሽማግሌው ለዓሣዎቹ ያለቀሰ መስሏቸው ጀርባውን እየመቱ አይዞህ፣ እኔም ስጀምር እንዲሁ ነበርኩ ይሉታል። እኔ ግን ለዓሣ አለመሆኑን አውቄ ነበር። ለሁለቱ የከፈሉትን ገንዘብ እኔ ተቀብዬ አመስግኜ ወንድሜን ይዤ ወጣሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። በረሃው ላይ ጓደኛው ትኩሳት ያዘው። የሚመራቸው ሰው መጠበቅ አልቻለም፤ ሌሎቹ ቀጠሉ። ወንድሜ ቀረ። ከአንድ ግራር ሥር አስተኝቶ ውሃውን በክዳን እየለካ ያጠጣው ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሩሑ ወጣች። አጣቢ የለም፣ ውሃ የለም፤ በአሸዋ ተየሙም አደረገለት፤ በሽርጡ ከፈነው፤ ብቻውን ቆሞ ሰገደበት፤ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ቀበረው፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመረበት። ከዚያ የሌሎቹን ዱካ ተከትሎ ሄደ። ቦታውን ዛሬ ቢጠይቁት አያውቀውም። እናትየው ፊት ቆሞ እኔ ደረስኩ፣ እሱ ቀረ ማለት እንደማይችል ነገረኝ። ምን ብዬ ልቁም ነው ያለኝ።

እኔ ምክር አልሰጠሁትም። በማግስቱ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ግን ተነስቶ በአጭሩ መንገድ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። እናትየው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ማሽላ እየለቀሙ ነበር። ሲያዩት ሰፌዱን አስቀመጡ። ወንድሜ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ እግራቸው ሥር ተቀመጠና ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ነገራቸው። አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው።

ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቁት።

"ሰግደህበታል?"

"ብቻዬን ሰግጄበታለሁ፣ እማ። ሌላ ሰው አልነበረም።"

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አልሐምዱሊላህ ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ያን ሁሉ ዓመት ያስጨነቃቸው ይኸው እንደነበር ቆይተው ነገሩን፤ መሞቱ የአላህ ነው፣ ሳይሰገድበት አሞራ በልቶት እንደሆነስ የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳቸው። ሌሎቹ ሲሄዱ አብሮት የቀረ ሰው እንዳለ በሕልማቸውም አላሰቡም።

ከዚያ የወንድሜን ራስ ይዘው ወደ ጭናቸው ሳቡት። "ኮቱ፣ ኢልማ ኮ" አሉት፤ ና፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "አንዱን በረሃ ወሰደብኝ። አንተ ምነው ጎረቤቴ ሆነህ ጠፋህብኝ?"

እኔ ወጥቼ ውጭ ቆምኩ። ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ ሁለቱም።

ወንድሜ ዓሣውን አልተወም። ከዚያ በኋላ ለሽማግሌው የሚወስደው በሙቀት ወራት ነው፤ ጣርማበርን እኩለ ቀን ላይ የሚያልፍ መኪና መርጦ፣ ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ። ሀብታም አልሆነበትም። ጁስ ቤቱ ግን የሚታወቀው በዓሣው ሆነ፤ ከባቲ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች ልጆቻቸውን ሊያሳዩ ይገባሉ። አንዳንዱ ዋጋ ጠይቆ ይደነግጣል፣ ወንዙ እዚህ እያለ ይላል። ወንድሜ አይከራከርም። ወንበር ያቀርብለታል፣ መያዝ ከፈለገም አጎበሩን ያውሰዋል።

እናትየው ከሰዓት በኋላ እየመጡ ይቀመጡ ጀመር። ወንድሜ ፓፓዬውን ያለ ስኳር ይጨምቅላቸዋል፤ እንደዚያ ነው የሚወዱት። ሚስት ያጩለትም እሳቸው ናቸው፣ ሰንበቴ የምትኖር የእህታቸውን ልጅ። ኒካሁ የታሰረ ቀን የሙሽራው እናት በምትቀመጥበት ቦታ ማን ይቀመጥ ተብሎ ሲጠየቅ ወንድሜ ሄዶ እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ሙሽራዋ የሥጋ ዘመዳቸው ስለነበረች አንዷ አክስት በየትኛው ወገን እንደሚቆጠሩ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ "በወንዱ በኩል ነኝ" አሉ።