ሁለቱን ጨረር ባንድ ላይ

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ ቁርአን ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ጉበታቸው ላይ ካንሰር ሲገኝ አዲስ አበባ ወስጄ የጨረር ሕክምና አስጀመርኳቸው። ወንድሞቼ ዐረብ አገር ስለሆኑ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። ጨረሩ ባንድ ጊዜ አይሰጥም። ዶክተሯ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረገች፣ ቅዳሜና እሁድ እያሳረፈች ትሰጣቸው ነበር። ግማሽ ላይ ስንደርስ ማሽኑ ተበላሸና "እስክንደውል አገራችሁ ቆዩ" ተባልን። ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ፤ ሰርጌ ደርሶ ነበር። አባቴ በገዛ እጃቸው እንዲድሩኝ ስመኝ ነው የኖርኩት።

ሰርጉ ሐሙስ ሊሆን፣ ሰኞ ጠዋት ዳሱ እየተጣለ ሳለ ዶክተሯ ደወለች። ማሽኑ ተሠርቷል፣ ነገ ተነሡና ረቡዕ እንቀጥላለን አለች።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ። መንገደኛ ሁለት ሰላት አጣምሮ መስገድ እንደሚፈቀድለት ዕድሜ ልካቸውን አስተምረዋልና መላው ወዲያው መጣላቸው።

"ልጄ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ። ለመንገደኛ የዙህርና የአስር ሰላት ይጣመርለታል። ይህን ሳምንት ልቅርና ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ሁለት ሁለቱን አጣምረሽ ስጪኝ።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያሉ ደረሳ ተማሪዎቻቸውን የሚገሥጹት እኚሁ ሰው ናቸው።

ዶክተሯ ሳቀች። "አባባ፣ እግዜር ይምራል፣ ጉበት ግን አይምርም። ጤነኛው ክፍል በመሀል ማገገሚያ ይፈልጋል። ሁለቱን ባንዴ ከሰጠሁዎ እሱንም አብሬ አቃጥለዋለሁ። ከዚህ በላይ ከዘገየን ደግሞ ካንሰሩ ይበረታል።"

ስልኩን ዘግተው ተቆጡ። የተቆጡት በዶክተሯ ሳይሆን በጉበታቸው ነበር። ቆይተው "በቃ፣ አጎትሽ ወኪሌ ሆኖ ይዳርሽ" አሉ።

እኔም የሳቸው ልጅ ነኝ፤ ቁጣው አለኝ። "አጎቴ እንዲድረኝ አልፈልግም። ጨረሩ ካልተዛወረ ሰርጉ ይዛወር። ድግሱ ሲመለሱ ይደርሳል፤ ኒካሁ ግን ዛሬ ይታሰር።"

ሙሽራው ከላላ ከተማ አስተማሪ ነው። ደወልንለት፤ ከክፍል ወጥቶ በሞተር እየበረረ መጣ። ጫማው ጭቃ ነበር፣ እጁ ላይ ጠመኔው አልለቀቀም። ጣራው ግማሽ በሆነ ዳስ ውስጥ፣ ጎረቤቱ ዱዓ እያደረገ፣ አባቴ የሙሽራውን እጅ ይዘው ዳሩኝ። ድምፃቸው ደህና ነበር። እኔ በዘወትር ቀሚሴ ከመጋረጃው ጀርባ አለቅስ ነበር። ደስታ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አባቴ እጁን ሳይለቁ "በል እንግዲህ፣ ያንተ ናት" አሉት። ከጎረቤት መጥረቢያ እንኳ ተውሰው የማያውቁ ሰው ናቸው።

"ሕክምናው እስኪያልቅ ግን አውሰኝ" አሉ ዝግ ብለው። "ያለሷ ያንን ማሽን እፈራዋለሁ።"

"አንቱ እስኪድኑ ከጎንዎ አትለይም" አላቸው።

ያን ሁሉ ቀን ክንዳቸውን ይዤ እስከ ማሽኑ ክፍል በር ስሸኛቸው፣ መፍራታቸውን አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም ነበር።