በጉሮሮ ውስጥ ያለ ፀጉር

ባለፈው ሳምንት፣ አምቦ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ ተነሥቶ «የጉንፋን ቫይረስ በአየር ቧንቧችን ያለውን ፀጉር ይላጨዋል» ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ አልሳቅኩም። ይህንኑ ቃል በእሱ ዕድሜ ተናግሬው አንዲት ሕፃን ለምላጭ ልዳርግ ነበር።

ያኔ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ለልምምድ የተላክሁ የጤና ተማሪ ነበርኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ማለዳው ይቆረጥማል፣ ቀን ደግሞ የአውድማው እብቅ ከመንገዱ አቧራ ጋር ይነሣል። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ ከወደ ጭልሞ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ጫልቱን በፈረስ ይዘው መጡ። ጉንፋኑ ለቋታል፤ ሳሉ ግን ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። አለቃዬ ሲስተር ደረቷን አዳመጠችና «ሳንባዋ ደኅና ነው፤ አንተ አስረዳቸው» ብላኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

የአየር ቧንቧችን ውስጡ በሕዋሳት የተሸፈነ ነው። በላያቸው ያሉት ደቃቅ ክሮች አክታና አቧራን ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ቫይረሱ ገብቶ ሲራባባቸው ሕዋሳቱ ሞተው ይረግፋሉ፤ አዲስ እስኪተካ መጥረጉን ሳል ይረከባል። ማስረዳት የነበረብኝ ይህን ነበር፤ ኦቦ ቶሎሳም አማርኛ ይሰማሉ። እኔ የደሴው ልጅ ግን ኦሮምኛ መልመዴን ላሳይ ብዬ «ጉሮሮዋ ውስጥ ሪፌንሳ አለ፤ ይበቅላል» አልኳቸው። ሪፌንሳ ፀጉር ነው። የልጃቸውን አፍ ከፍተው አዩ፣ አመስግነውኝ ወጡ።

ምሳዬን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ስበላ የጤና ጣቢያው ዘበኛ መጣ።

«ያ ሰውዬ እንጥል የምትቆርጠዋን ሴት ቤት ጠየቀኝ እኮ! ዶክተሩ ጉሮሮዋ ፀጉር አብቅሏል አለኝ ይላል።»

ድንቹን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ዘበኛው በጠቆመኝ ከገበያው ጀርባ ካለው የሴትዮዋ ቤት ስደርስ ጫልቱ አባቷ ጉልበት ላይ አፏን ከፍታ ተቀምጣለች፤ ሴትዮዋ ምላጩን ከወረቀቱ እያወጣች ነው።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይተዉ! ደም ይፈሳታል!»

«ፀጉር አለ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

እኔ ነኝ። ዞር ስል ከብት የጋጠው ጓሮ ታየኝ።

«ፀጉር አይደለም፤ እንደ ሣር ነው። በሽታው ጋጠው፣ ሥሩ ግን አለ።»

ኦቦ ቶሎሳም ጓሮውን አዩ። «ሥሩ ካለማ ይበቅላል። ግን በተጋጠ መስክ ከብት አይለቀቅም። የእሷን ምን ነው የሚግጠው?»

«ጭስና አቧራ።»

«እንግዲያ ከምድጃውም ከአውድማውም አርቃታለሁ» አሉና ልጃቸውን አቅፈው ተነሡ። ሴትዮዋ በዓይኗ በላችኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጫልቱን ገበያ አየኋት፤ ሸንኮራ እየመጠጠች ነበር፣ አትስልም።

ይህን ለክፍሉ ስነግር አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ሰውየው እርስዎ ያሉት ነገር አልገባቸውም ማለት ነዋ» አለችኝ።

«ኧረ በደንብ ገብቷቸዋል» አልኳት። «ሊያስቆርጡ የሄዱት እኔ አለ ያልኩትን ፀጉር ነው።»